ከአልጋው እስከ በሩ

ሆስፒታላችን ውስጥ አስገቢው ብዙ ነው። በር ላይ የሚቀበል አለ፣ ካርድ የሚያወጣ አለ፣ ደም የሚቀዳ አለ፣ አልጋ የሚያሲዝ አለ። ሰው ድኖ ሲወጣ ግን «ደህና ይግቡ» ከማለት አልፎ ቤቱ ድረስ የሚከተለው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሷም አድራሿ ናት። መዝገብ ላይማ እንደማንኛውም ሰው ስም አላት፤ ነገር ግን የሆስፒታሉ ኃላፊ እንኳ በስሟ ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም። «አድራሿን ጥሩልኝ» ነው የሚለው፤ ያን ጊዜም የምትጠራው ልትመሰገን እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሥራዋ አቅም የከዳቸው አረጋውያን ከሆስፒታል ሲወጡ ቤታቸው ማድረስ፣ ከደረሱም በኋላ አንድ ወር ያህል እየተመላለሰች እንዴት እንደሆኑ ማየት ነው። እኔ ሹፌሯ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። ከባለቤቴ ጋር ከተቀመጥኩበት ሰዓት ከእሷ ጋር መኪና ውስጥ የተቀመጥኩት ይበልጣል፤ ይህንን ባለቤቴም ደህና አድርጋ ታውቀዋለች፣ እንዳልረሳውም ታስታውሰኛለች።

አድራሿ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ስትራመድ የምትቸኩል፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ትከሻዋ ላይ የምታንጠለጥለው ቦርሳ ክብደቱ ሕፃን ልጅ ያህላል። ውስጡ ካቻቪቴ፣ አምፖል፣ የእጅ ባትሪ፣ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ የሚነጠፍ ጎማ፣ ለራሷ መክሰስ የሚሆን ዳቦ አለ። መድኃኒት የሚባል ነገር የለም። «መድኃኒቱን ሐኪሙ ሰጥቷቸዋል፤ አምፖሉን ግን ማን ይቀይርላቸዋል?» ትላለች።

ሆስፒታሉ የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በጽዳት ሠራተኝነት ነው። ወለል ስትወለውል አንድ ነገር ታስተውል ነበር። ባለፈው ወር ከዚህ አልጋ በእግራቸው የወጡ ሽማግሌ በዚህ ወር ሰው ተሸክሟቸው ይመጣሉ፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ወይ መድኃኒታቸውን አደባልቀው፣ ወይ የሚያበላቸው አጥተው። አንድ ቀን መወልወያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ዋና ነርሷን፣ «እነዚህን ሰዎች አድነን የምንሰዳቸው ወዴት ነው? ቤታቸውን ያየው ሰው አለ?» አለቻት። ዋና ነርሷ ሥራ በዝቶባት ስለነበር፣ «እንግዲያው አንቺ ሄደሽ እይው» ብላ መለሰችላት። ሌላ ሰው ቢሆን እንደ ስድብ ቆጥሮት ዝም ይል ነበር። እሷ ግን በእረፍት ቀኗ ሄደች። በሚቀጥለውም ሄደች። በኋላ የነርስ ረዳትነት ተማረች፣ ሥራውም ሥራ ተብሎ መደብ ተከፈተለት፣ ይኸው እስካሁን እየሄደች ነው።

አንድ ልማድ አላት። በሽተኛው ከመምጣቱ በፊት ቤቱ ትሄድና ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ትተኛለች። ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ትቆይና ጉልበት እንደሌለው ሰው እያቃሰተች ትነሳለች። ወደ መጸዳጃ ቤት ትሄዳለች፣ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ ማድ ቤት ገብታ ውሃ ትቀዳለች። ቤተሰቡ እርስ በርሱ ይተያያል። አንድ ጊዜ አንዲት ምራት ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «ሴትየዋ ደህና ናት?» ብላ በሹክሹክታ ጠይቃኛለች። «እስካሁን ደህና ናት፤ ከአልጋው ስትነሳ እናያለን» አልኳት። ማቃሰቱን ከየት እንደተማረችው ጠይቄያት አውቃለሁ። «ከእናቴ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ቅጹን ታወጣለች። ቅጹ ሠላሳ ሁለት ጥያቄ አለው። ከነዚህ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚዋሽባቸው ሰባት ናቸው፤ ሰባቱን አትጠይቅም፣ ራሷ ታያለች። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ በሽተኛውን «እስቲ ሻይ ያፍሉልኝ» ትላለች። እሷ ቁጭ ብላ ታያለች እንጂ እጇን አታነሳም፣ እኔም እንዳነሳ አትፈቅድልኝም። ለእንግዳ ሻይ ማፍላት የቻለ ሰው ብቻውን ማደር ይችላል ባይ ናት። በዚህ ምክንያት በስኳር ፈንታ ጨው የገባበት ሻይ ስንት ጊዜ አመስግኜ እንደጠጣሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቁጣም አላት። እጁ ደህና ለሆነ ሽማግሌ ማንኪያ ይዞ የሚያጎርስ ልጅ ካየች አትችልም። «ስጣቸው፤ አዛኝ ቅቤ አንጓች አትሁን» ትለዋለች። ከምንጣፍ ጋር ደግሞ የግል ጠብ አላት። ሥራውን በጀመረች ዓመት አንዲት እናት፣ እሷ ራሷ እጃቸውን ይዛ ቤታቸው ያስገባቻቸው፣ በማግሥቱ በር ላይ በተነጠፈች ቁራጭ ምንጣፍ ተደናቅፈው ወደቁ። ተመልሰው መጡ፤ ከዚያ ግን አልወጡም። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቅጹ ላይ አራተኛውን ጥያቄ፣ «መተላለፊያው ከዕቃ የጸዳ ነው?» የሚለውን፣ እንደ ጸሎት ነው የምትደግመው። ያየችውን ዕቃ ታስነሳለች። ተዪው የሚላት ቢኖርም ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

ጋሽ ሜትር ወደዚህ ታሪክ የገቡት በዚህ በኩል ነው።

ጋሽ ሜትር የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን አናጢ ነበሩ። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከማትጠፋው ታጣፊ ሜትር ነው። ሆስፒታል ተኝተው እንኳ የበሽተኛው ልብስ ኪስ ውስጥ ነበረች። ሳንባ ምች ይዟቸው ሃያ ሁለት ቀን ተኙ። ትንሽ ሻል ሲላቸው የአልጋቸውን ቁመት ለክተው፣ «አራት ጣት ዝቅ ቢል ለሰው ይመቻል» ብለው ለነርሶቹ ነገሩ። ልክ ነበሩ። ሊወጡ ሰሞን የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያው መጥቶ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዳቸው። ቀጥ ብለው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ የግድግዳውን ጥግ ይዘው ሄዱ። ባለሙያው «ያለ ድጋፍ ይራመዳሉ» ብሎ ጻፈ። ለማንኛውም ብሎ ባለ አራት እግር መራመጃ ብረት ቢያመጣላቸው፣ «ዕድሜ ልኬን ባለ አራት እግር ስሠራ ኖሬ ራሴ ባለ አራት እግር አልሆንም» አሉት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፣ መራመጃውም ወደ መጣበት ተመለሰ።

አንድ ልጅ አለቻቸው። ሌላ ከተማ የምትኖር የሒሳብ አስተማሪ ናት። በየሳምንቱ መጨረሻ እየተመላለሰች ስትጠይቃቸው ቆይታ፣ ሊወጡ ሲሉ የአሥር ቀን ፈቃድ ወስዳ መጣች። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አባቷን ይዛ ወደዚያ መሄድ ትፈልጋለች። እሳቸው ደግሞ ከቤታቸው ንቅንቅ ማለት አይፈልጉም። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ነገሩ ይቀል ነበር። እናቷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክ በጠራ ቁጥር ልቧ ስንጥቅ እያለ የኖረች ልጅ ናት።

ሊወጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ከልጅየዋ ጋር ቤታቸው ሄድን። በሩን ከፍታ ልንገባ ስንል መግቢያ አጣን። አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ በአንደኛው ጥግ አልጋው አለ፣ በሌላኛው ጫፍ የማድ ቤቱና የመጸዳጃ ቤቱ በር አለ። በመካከሉ ያለው ሁሉ ጋሽ ሜትር በእጃቸው የሠሩት ዕቃ ነው፤ ዘጠኝ ወንበር፣ ቡፌ፣ ጠረጴዛ፣ የልብስ ሳጥን። ወንበሮቹ ደግሞ ጠረጴዛው ዙሪያ አይደሉም። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ መሐል ወለል ላይ ተገትረዋል።

«ይኼ ቤት ነው ዕቃ ቤት?» አለች አድራሿ።

«ለአንድ ሰው ዘጠኝ ወንበር» አለች ልጅየዋ። «እማዬ ካረፈች ወዲህ ጭራሽ ባሰበት። በመጣሁ ቁጥር ግድግዳ አስይዣቸው እሄዳለሁ፤ በሚቀጥለው ስመጣ ተመልሰው መሐል ናቸው። እንግዲህ እርጅናም አይደል።»

አድራሿ ይህን ስትሰማ ቆም ብላ ማሰብ ነበረባት። እኔም እንደዚያው። ማናችንም አላሰብንም።

አልጋው ላይ ተኛች፣ እያቃሰተች ተነሳች፣ ሁለት እርምጃ ሳትሄድ ጉልበቷ ከአንዱ ወንበር ጋር ተጋጨ። ወደ እኔ ዞራ፣ «ጥያቄ አራት» አለች። ጥያቄ አራት ማለት እጅጌህን ሰብስብ ማለት ነው። ከጓሮ የጋሽ ሜትር አሮጌ የሥራ ክፍል አለ፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ወደዚያ ስንሸከም ዋልን። ቡፌው ለብቻው ወገቤን ቆረጠው። ሁለት ወንበር ብቻ ትተን ሌላውን ሁሉ አወጣን። ስንጨርስ አድራሿ እንደገና ተኝታ ተነሳችና ከአልጋው እስከ መጸዳጃ ቤቱ በር ምንም ሳይነካት ሄደች። «አሁን ኳስ ያጫውታል» አልኳት። ደስ ብሏት ሳቀች፤ ቅጹ ላይም ምልክቷን አደረገች።

በማግሥቱ ጋሽ ሜትርን ይዘን ስንሄድ ልጅየዋ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ተናገረች።

«አባዬ፣ አሥር ቀን አብሬህ እቆያለሁ። በነዚህ አሥር ቀናት ካልወደቅህ እዚሁ ትኖራለህ፣ ሁለተኛ አልጨቀጭቅህም። ከወደቅህ ግን ከእኔ ጋር ትሄዳለህ። አንድ ጊዜም ቢሆን።»

ጋሽ ሜትር ፊታቸውን ከመስኮቱ መለሱ። «አንድ ጊዜም ቢሆን» አሉ። «ምስክሮቹም እነዚህ ናቸው።»

በመስታወቱ አድራሿን አየኋት። ፊቷ ላይ ስጋት የሚባል ነገር አልነበረም። ቤቱን ያሰናዳችው ራሷ ናታ።

ክንዳቸውን እኔና ልጃቸው ግራና ቀኝ ይዘን አስገባናቸው። በሩ ላይ ቆሙ። ወለሉን አዩት፣ ከዚያ አልጋውን፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን በር አዩ።

«ሰፋ» አሉ።

«አየህ?» አለች ልጃቸው። «አሁን እንደ ልብህ ትንሸራሸራለህ።»

እኛም ነገሩን ምስጋና አድርገን ወሰድነው። እጃቸው ክንዴን ጨምድዶ እንደያዘኝ አስታውሳለሁ፤ ነገር ግን ከሆስፒታል የሚመለስ ሰው ሁሉ አጥብቆ ይይዛልና ልብ አላልኩትም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ስልክ ተደወለ። ልጅየዋ ናት። ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ አባቷን ወለሉ መሐል ወድቀው አገኘቻቸው። የጤና ጣቢያው ነርስ መጥቶ አይቷቸዋል፤ የተሰበረ ነገር የለም፣ ጉንጫቸውና ክርናቸው ግን በልዟል። አድራሿ ስልኩን ዘጋችና ቦርሳዋን አንስታ ቀድማኝ መኪናው ውስጥ ገባች። እኔም ሬዲዮኔን አልከፈትኩም።

ስንደርስ ሻንጣ ተከፍቷል። ልጅየዋ የአባቷን ሸሚዞች እያጣጠፈች ትከታለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«አይቀየሙኝ እትዬ» አለች። «ውል ውል ነው። እሱም እሺ ብሏል።»

ጋሽ ሜትር አልጋቸው ጠርዝ ላይ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ልብሳቸውን እንኳ ቀይረው ጨርሰዋል፤ ለመንገድ የተዘጋጀ ሰው ይመስላሉ።

አድራሿ ወለሉ ላይ ተንበርክካ በመዳፏ ዳበሰችው፤ ደረቅ ነው። የጫማቸውን ሶል ገልብጣ አየች፤ ደህና ነው። መብራቱን አበራች፣ አጠፋች።

«ራስዎን አዙሮዎት ነው ጋሼ?»

«የለም።»

«ተደናቅፈው ነው?»

«በምን ልደናቀፍ ልጄ? ምን አለ እዚህ?»

«እስቲ እስከ በሩ ድረስ ይራመዱልኝ።»

«ዛሬ ደክሞኛል» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

አጠገባቸው ተቀምጣ ልታናግራቸው ፈለገች። ከሁለቱ ወንበሮች አንዱ ላይ ሻንጣው አለ፣ ሌላው ላይ ልብስ ተከምሯል። «ና አንድ ወንበር እናምጣ» አለችኝና ወደ ጓሮ ወጣን።

የሥራ ክፍሉ ውስጥ ዕቃው እንደደረደርነው ነው። አድራሿ አንደኛውን ወንበር ልታነሳ ያዘችውና እዚያው ቀረች። ጎንበስ ብላ አየችው። ወደሚቀጥለው ሄደች። ወደ ሦስተኛው ሄደች።

«ና እስቲ፣ እጅህን እዚህ ጋ አድርግ» አለችኝ።

አደረግሁ። የወንበሩ መደገፊያ ራስ ላይ፣ በግራ በኩል፣ መዳፍ በምታህል ቦታ ቫርኒሹ የለም። እንጨቱ ልሟል፣ ጠቁሯል። ቀሪው ሁሉ ያበራል።

«ቫርኒሹን አሳስተውታል» አልኩ። «ጋሽ ሜትር እንዲህ ያለ ሥራ አይሠሩም ብዬ ነበር።»

«ሥራቸው አይደለም፤ እጃቸው ነው» አለች። «የሦስቱም እንደዚህ ነው። ቡፌውን እየው፣ ጥጉን። ጠረጴዛውንም እየው።»

የቡፌው ጥግ ተበልቷል። የጠረጴዛው አንድ ጠርዝ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ እንደዚያው። ያን ጊዜ ገባኝ። ጋሽ ሜትር ከአልጋቸው እስከ በሩ የሚሄዱት አንዱን ለቀው ሌላውን እየያዙ ነበር። ወንበሮቹን መሐል ወለል ላይ ያቆሟቸው ለመቀመጫ አይደለም። ኮሪደሩ ላይ ያለ ድጋፍ ሄዱ የተባሉትም ግድግዳው ላይ የተገጠመውን የእጅ መያዣ በጣታቸው እየነኩ ነው፤ ባለሙያው እግራቸውን ሲያይ እጃቸውን አላየም።

አድራሿ አንዱ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች ስለ ራሷ። «ምርኩዛቸውን ነጥቄ ነው ሂዱ ያልኳቸው። እሳቸው አልወደቁም። እኔ ነኝ የጣልኳቸው።»

«ባለሙያውም እኮ ያለ ድጋፍ ይራመዳሉ ብሎ ጽፏል» አልኳት፣ ላጽናናት ብዬ።

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አታድርግ። እሱ ያየው ኮሪደሩን ነው። ቤቱን ያየሁት እኔ ነኝ። አልጋቸው ላይ የተኛሁት እኔ ነኝ።» በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች። በአሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም። ከዚያን ቀን ወዲህ አድራሿ አንድም ዕቃ ከቦታው ሳታነሳ በፊት ባለቤቱን፣ «ሲሄዱ እጅዎ የት የት ያርፋል?» ብላ ትጠይቃለች። ጥያቄው ቅጹ ላይ በእስክሪብቶ ተጨምሯል፣ ሠላሳ ሦስተኛ ሆኗል። ያን ቀን ግን ቅጹ ምንም አይረዳንም፤ ሻንጣው ሊዘጋ ትንሽ ነው የቀረው።

ተመልሰን ገባን። ልጅየዋን «ሻይ አፍይልን ልጄ» ብላ ወደ ማድ ቤት ሰደደቻትና ጋሽ ሜትር አጠገብ አልጋው ላይ ተቀመጠች። እኔ በር ላይ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ወንበሮቹን አየኋቸው» አለች በዝግታ።

ጋሽ ሜትር ወደ ማድ ቤቱ በር አዩ።

«ለልጄ እንዳትነግሪያት።»

«ለምን?»

«እሷ የምታውቀው አንድ ጊዜ መውደቄን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልይዝ መራመድ እንደማልችል ካወቀች እዚህ አንድ ቀን አታሳድረኝም። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤዋለሁ።»

«ካልነገርናትም እኮ ዛሬ ይሄዳሉ።»

«እሱም አለ» አሉ ጋሽ ሜትር።

«የእኔን ጥፋት ልነግራት እፈልጋለሁ» አለች አድራሿ። «ጥፋቴን ስናገር ግን የእርስዎም ምስጢር አብሮ ይወጣል። ስለዚህ እርስዎ ሳይፈቅዱ አፌን አልከፍትም። ቤቱም የእርስዎ ነው፣ እግሩም የእርስዎ ነው።»

ጋሽ ሜትር ሜትራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አንዱን እጥፋት ዘረጉት፣ መልሰው አጠፉት። ከማድ ቤት የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል።

«አንተ ሹፌር» አሉ፤ ድምፃቸው ማድ ቤት ድረስ ይሰማል።

«አቤት ጋሼ።»

«ያወጣኸውን መልስ።»

መለስኩ። ጋሽ ሜትር ከአልጋቸው ሳይነሱ እያንዳንዱን በልኩ አስቀመጡት። «ከአልጋው እግር አርባ አምስት ሳንቲም። አይደለም፣ መደገፊያውን ወደ እኔ አዙረው። ቡፌው ሁለት ጣት ወደ ውስጥ።» ወገቤ ቡፌውን ስለሚያውቀው ገና ሳልነካው ጀመረው። ከሰባቱ ወንበሮች ስድስቱን አስመለሱኝ፤ ሰባተኛውን፣ «እሱ የእንግዳ ነው፣ ሥራ የለውም፣ እዚያው ይቅር» አሉ።

ልጅየዋ የሻይ ትሪውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። «ምንድን ነው ይሄ? ልንሄድ ስንል ለምን ይመለሳል?»

«አባትሽ የወደቁት እኔ ባወጣሁት ነገር ነው» አለች አድራሿ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቅጹም ላይ እንደዚያው እጽፈዋለሁ። የቀረውን እሳቸው ያሳዩሻል።»

ጋሽ ሜትር ተነሱ። እጃቸው የመጀመሪያው ወንበር ላይ አረፈ። ከዚያ ሁለተኛው ላይ፣ ከዚያ የቡፌው ጥግ ላይ። አይጨብጡም፤ ይነካሉ፣ ይለቃሉ፣ እጃቸው ሳይፈልግ ቀጣዩን ያገኛል። ቀጥ ብለው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ነው የሚሄዱት። ለእኛ ዝርክርክ ዕቃ የነበረው ለካ መንገድ ነው። የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዘው እስከ ጫፉ ሄዱ። ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ መጸዳጃ ቤቱ በር ግን ሁለት እርምጃ ባዶ ወለል አለ። እዚያ ሲደርሱ ቆሙና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ልጃቸው ትሪውን አስቀምጣ ልትሮጥ ስትል አድራሿ ክንዷን ያዘቻት። ጋሽ ሜትር ሁለቱን እርምጃ ቸኮል ብለው፣ ወደ ፊት ዘመም እያሉ ተሻገሩና የበሩን መቃን ያዙ።

«እንዲህ ነው የምሄደው» አሉ ዞረው።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች ልጃቸው።

«እናትሽ ካረፈች።»

«ከዚያ በፊትማ ደህና ነበርክ። ሁልጊዜ ክንድ ለክንድ ተያይዛችሁ አልነበር የምትሄዱት?»

«በፊትማ እሷን ነበራ የምይዘው።»

ልጅየዋ የገባት ቀስ ብሎ ነው። «እኛ እኮ… አንተ እሷን የምትደግፋት ነበር የሚመስለን።»

«እንዲመስላችሁ የፈለገችው እሷ ናት» አሉ ጋሽ ሜትር። «ሰው በአጠገባችን ሲያልፍ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቀስ በል፣ እግሬን አሞኛል ትለኝ ነበር። እግሯን አሟት አያውቅም።»

አንጀቴን በሉት። እንዳያዩኝ ብዬ ፊቴን ወደ ቡፌው አዞርኩ። አድራሿ የልጅየዋን ክንድ ለቅቃ ወደ ኋላ ቆማለች።

ጋሽ ሜትር መቃኑን እንደያዙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ውል ውል ነው» አሉ። «አየሽው፤ ወድቄያለሁም። ሻንጣውን ዝጊውና እንሂድ።»

ልጅየዋ ሻንጣውን አልፋው ሄደች፣ የጓሮውን በር ከፍታ ወጣች። ከሥራ ክፍሉ የሚጎተት ነገር ድምፅ ሰማን። ስትመለስ ሰባተኛውን ወንበር በሁለት እጇ ተሸክማለች። ልረዳት ስል ራሷን ነቀነቀችብኝ። በጠረጴዛው ጫፍና በበሩ መካከል፣ ባዶው ወለል ላይ አስቀመጠችው። መደገፊያውን ይዛ ወዲያና ወዲህ ነቀነቀችው፤ አይወዛወዝም።

«ከፍታው ይበቃሃል?» አለች።

ጋሽ ሜትር እጃቸውን ከመቃኑ አንስተው ወንበሩ ላይ አሳረፉት።

«አንድ ጣት ወደ ግራ» አሉ።

ልጅየዋ አጎንብሳ አንድ ጣት ወደ ግራ ገፋችው።